ተሳቢው በማን ፍሬን ይቆማል?

ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ፍሬን ይረግጣል። ከእግሩ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ርቆ ያለው የተሳቢው የኋላ ጎማ መቆም እንዳለበት በምን ያውቃል? ከጎተራ ማሳለጫ ተነስቶ በነፋስ ስልክና በሳሪስ አልፎ ወደ ቃሊቲ በሚወርደው የደብረ ዘይት መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ይህን ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አለው። ተማሪውም፣ ሚኒባስ ጠባቂውም፣ ጉሊት ቸርቻሪዋም በየቀኑ የሚሻገሩት ከነተሳቢያቸው በሚያልፉ ከባድ መኪኖች ፊት ነው። መብራት ላይ ሲቆሙ «ጭስስ» የሚለውን ድምፅ ሁላችንም እንሰማዋለን። ያ ድምፅ የመልሱ ግማሽ ነው።

መጀመሪያ ተሳቢው ለምን የራሱ ፍሬን እንደሚያስፈልገው እንይ። መኪናውና ተሳቢው ከነጭነታቸው 400 ኩንታል ቢመዝኑ ግማሽ የሚሆነው ክብደት ከኋላ ነው። የፊተኛው ብቻ ፍሬን ቢይዝ የኋላው 200 ኩንታል መሄዱን አይተውም፤ የፊተኛውን ይገፋዋል። መንገዱ ቀጥ ያለና ደረቅ ከሆነ የመቆሚያው ርቀት ይረዝማል። ኩርባ ላይ ወይም ክረምት በረጠበ አስፋልት ላይ ከሆነ ግን ግፊያው ወደ ጎን ይሄድና ተሳቢው ዞሮ ጋቢናውን ይመታል፣ ወይም መኪናውን ከመንገድ ያስወጣዋል። ስለዚህ ተሳቢ ራሱን ማቆም አለበት። እንዲያውም በጥቂቱ ቀድሞ መያዝ አለበት፣ ገፊ ሳይሆን ወደ ኋላ ጎታች እንዲሆን። ተሳቢ የሚገጥም መካኒክ ሥራው ሁሉ የሚዞረው በዚህች «ጥቂት ቀድሞ» ላይ ነው።

የቤት መኪና ፍሬን በዘይት ይሠራል። እግር የገፋውን ዘይቱ እስከ ጎማው ያደርሰዋል። ከባድ መኪና ላይ ይህ አይመችም፤ አንደኛ የእግር ጉልበት አይበቃም፣ ሁለተኛ ተሳቢ በተፈታና በታሰረ ቁጥር ዘይት ይፈስሳል፣ አየርም ይገባበታል። አየር ግን ቢፈስስ ከሰማይ ይተካል። ስለዚህ የከባድ መኪና ሹፌር ሲረግጥ ፍሬኑን የሚገፋው እግሩ አይደለም፤ እግሩ የሚከፍተው ቫልቭ ነው። ጉልበቱ የሚመጣው ታንክ ውስጥ ከታመቀው አየር ነው። ጎማው አጠገብ የተገጠመው ክብ ቻምበር ውስጥ ያለው ዲያፍራም ስፋቱ 30 ካሬ ኢንች ቢሆን፣ 6 ባር አየር ሲገባበት ወደ 12 ኩንታል በሚጠጋ ኃይል ዘንጉን ይገፋል። ዘንጉ ክንዱን ያዞራል፣ ክንዱ የፍሬን ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃል። እግር ሲነሳ ያ ሥራውን የጨረሰ አየር ወደ ውጭ ይለቀቃል፤ «ጭስስ» የሚለው እሱ ነው።

አየሩን የሚያምቀው በሞተሩ የሚዞር ኮምፕሬሰር ነው። እዚህ ላይ አዲስ አበባን የሚመለከት ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየራችን ስስ ነው፤ ግፊቱ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በዚያው ልክ ያንሳል። ጠዋት ነፋስ ስልክ ላይ የተነሳ መኪና ታንኩን ለመሙላት ያው መኪና ጅቡቲ ከሚፈጅበት ጊዜ ወደ ሲሶ የሚሆን ጭማሪ ይፈልጋል። ታንኩ ከሞላ በኋላ ልዩነት የለም፤ የፍሬኑ ጉልበት የሚለካው በጌጁ ላይ በሚነበበው ግፊት ነውና። ጌጁ ሳይሞላ ለመነሳት የሚቸኩል ሹፌር ግን እዚህ ከተማ ውስጥ ከየትም በላይ ተሳስቷል።

አሁን ወደ ሁለቱ ቱቦዎች። መኪናው ጀርባ ላይ ቀይና ቢጫ ማያያዣ አለ። ቀዩ ሁልጊዜ አየር አለበት፤ የተሳቢውን የራሱን ታንክ ይሞላል፣ ግፊቱም ማያያዣው ላይ ከ6.5 እስከ 8.5 ባር መሆን አለበት። ቢጫው ሹፌሩ ካልረገጠ ባዶ ነው። ሲረገጥ በአረጋገጡ ልክ ግፊት ይገባበታል፤ ለስለስ ቢል 1 ባር፣ ጠንከር ቢል 3 ባር፣ እስከ ጥግ ቢረገጥ የታንኩ ያህል። ቀዩ ስንቅ ያቀብላል፣ ቢጫው ትእዛዝ ያደርሳል። ተሳቢው ላይ ያለው ቫልቭ ቢጫውን ሲያዳምጥ ከርሞ ትእዛዙ ሲደርሰው ከጎማው አጠገብ ካለው ከራሱ ታንክ አየር ወደ ቻምበሮቹ ይለቃል። አየሩ ሁሉ ከጋቢና ተነስቶ ቢሄድ ኖሮ ይዘገይ ነበር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በግማሽ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ 8 ሜትር ደግሞ ሳሪስ ላይ የእግረኛ ማቋረጫን አልፎ ይሄዳል።

ቀዩ ቱቦ ሌላም ሥራ አለው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የማደንቀው ይህንን ነው። መንገድ ላይ ተሳቢው ተፈትቶ ቢቀር፣ ቀዩ ይበጠስና አየሩ ይወጣል። የተሳቢው ቫልቭ ስንቁ መቋረጡን ሲያይ ትእዛዝ አይጠብቅም፤ ታንኩ ውስጥ የቀረውን አየር በሙሉ ወደ ፍሬኑ ይልከዋል። ተሳቢው ብቻውን ይቆማል። ሐሳቡ የመጣው ከባቡር ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1869 የሠራው የመጀመሪያው የአየር ፍሬን አየር ሲላክ የሚይዝ ነበር፤ ቱቦው ከተበጠሰ ፍሬን የለም ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገለበጠውና አየር ሲቀንስ የሚይዝ አደረገው። በለቡ ጣቢያ በኩል እስከ ጅቡቲ በተዘረጋውና እ.ኤ.አ. በ2016 በተመረቀው የባቡር መስመር ላይ የሚሄደው የጭነት ፉርጎም የሚቆመው በዚሁ በተገለበጠው ሐሳብ ነው። ብልሽት ወደ መቆም እንጂ ወደ መሄድ እንዳያመራ አድርጎ መሥራት፣ ከባድ ዕቃ በሚጓጓዝበት ሁሉ ሕይወት ያተረፈ ብልሃት ነው።

ተሳቢን ሳይጎትት የኖረ መኪና፣ ለምሳሌ ገልባጭ የነበረ ሲኖ ወይም ትራከር፣ ተሳቢ እንዲጎትት ሲፈለግ እንግዲህ ይህ ሁሉ መገጠም አለበት። ሥራው የመጎተቻ ጆሮ በመበየድ ብቻ የሚያልቅ የሚመስላቸው ባለንብረቶች አሉ። ጆሮው ይጎትታል፤ አያቆምም። የማቆሙ ሥራ የሚጀምረው መካኒኩ ከሻንሲው ሥር ሲገባ ነው።

መጀመሪያ የሚፈልገው የአየር ማከፋፈያውን ነው። አየሩ ከኮምፕሬሰር ወጥቶ፣ በማድረቂያው አልፎ፣ በአራት የሚከፈልበት ቫልቭ አለ፤ አንዱ ለፊት ጎማ፣ አንዱ ለኋላ ጎማ፣ ሌላው ለእጅ ፍሬንና ለተሳቢ፣ የቀረው ለሌላ አገልግሎት። የቫልቩ ጥቅም አንዱ ቅርንጫፍ ቢያፈስስ የቀሩት እንዳይሟጠጡ መከላከል ነው። የተሳቢው መስመር መቀጠል ያለበት ከተመደበለት ቅርንጫፍ ነው። ለመቅረብ ሲባል ከኋላ ጎማ ታንክ ላይ በቲ መጋጠሚያ ቀጥሎ የሚሄድ መካኒክ፣ የተሳቢው ቱቦ በተቀደደ ቀን የመኪናውን የራሱን የኋላ ፍሬን አብሮ ያሳጣል። ባለንብረት ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት «ከየት ቀጠልከው?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ቀጥሎ የነገሩ ልብ ይመጣል፤ የተሳቢ መቆጣጠሪያ ቫልቭ። ይህ ሻንሲው ላይ ወደ ኋላ ይገጠማል፤ ትእዛዝ የሚሰማውም ከሦስት ወገን ነው። ሁለቱ ከእግር ፍሬን ይመጣሉ፣ አንዱ ከፊት ጎማ መስመር፣ ሌላው ከኋላ ጎማ መስመር፤ አንዱ ቢበላሽ በሌላው ተሳቢው ይያዛል። ሦስተኛው ከእጅ ፍሬን ነው፣ እሱ ግን በተቃራኒው ይሠራል፤ አየር ሲጠፋ ነው ያዝ የሚለው። የመኪናው የእጅ ፍሬን በቻምበሩ ውስጥ የታመቀ ጠንካራ ስፕሪንግ ስለሆነ፣ አየር የሚፈልገው ለመያዝ ሳይሆን ለመልቀቅ ነው። የእጅ ፍሬኑ መስመር ከእግር ፍሬኑ መስመር ጋር ከተቀያየረ ውጤቱ ወዲያው ይታያል፤ ሹፌሩ ሊነሳ ሲል ተሳቢው ይያዛል።

ያቺ «ጥቂት ቀድሞ» ያልኳት የምትስተካከለውም እዚሁ ቫልቭ ላይ ነው። ብዙዎቹ የማስተካከያ ብሎን አላቸው፤ ወደ ተሳቢው የሚሄደው ግፊት ለመኪናው ከሚሄደው በባር ክፍልፋይ እንዲበልጥ ያደርጋል። መካኒኩ አንድ ጌጅ የመኪናው ቻምበር መስመር ላይ፣ ሌላ ጌጅ ቢጫው ማያያዣ ላይ ያስራል፣ ረዳቱ ቀስ እያለ ይረግጣል። የቢጫው መርፌ በጥቂቱ ቀድማ መነሳት አለባት። ብዙ ከቀደመች ሥራው ሁሉ በተሳቢው ላይ ይወድቃል፤ ሸራው ቶሎ ያልቃል፣ ባዶ ሲሆንም ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተታል። ወደ ኋላ ከቀረች ግፊያው ይመለሳል። ያለ ጌጅ፣ በግምት፣ «ይሄ ይበቃል» ተብሎ የሚዘጋ ሥራ እዚህ ላይ ቦታ የለውም።

ከዚያ በኋላ የመብራቱ ሶኬት አለ። የእኛ ከባድ መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፤ ባለ ሰባት እግሩ ሶኬት የፍሬን መብራቱን፣ ፍሬቻውንና የኋላ መብራቱን ይሰጣል። ተሳቢው ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ ካለው የራሱ ሌላ ሶኬት አለው። ያንን ሳይሰኩ መተው የተለመደ ነገር ሆኗል፣ መልካም ልማድ ግን አይደለም። መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በሳሙና አረፋ ይቀባሉ፤ አረፋ የሚነፋበት ቦታ ያፈስሳል።

ተሳቢው ላይ ሹፌሮች የሚዘነጉት አንድ እጀታ አለ። ብዙ ተሳቢዎች ፍሬናቸውን ከጭነቱ ጋር የሚያመጣጥን ቫልቭ አላቸው፤ በአንዳንዱ ራሱ ያውቃል፣ በቆዩት ላይ ግን በእጅ ይዞራል፤ ባዶ፣ ግማሽ፣ ሙሉ። ጭኖ እያለ ባዶ ላይ የተተወ ተሳቢ ከሚገባው በታች ይይዛል። ባዶ ሆኖ ሙሉ ላይ የተተወው ደግሞ ጎማውን ቆልፎ ይጎተታል። እጀታውን የማዞሩ ሥራ የረዳቱ ነው፤ ማንም ያላሳየው ረዳት ግን ከየት ያውቀዋል?

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ስለዚህ ነገር ሲያወሩ ሌላ ዓለም ሊመስለን ይችላል። እዚያ በከባድ መኪና ሥራ የሚተዳደር ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ የእሱ የትእዛዝ ቱቦ ቢጫ ሳይሆን ሰማያዊ ነው፣ ጋቢናው ውስጥም ስምንት ማዕዘን ያለው ቀይ ቁልፍ ስቦ የተሳቢውን አየር ይቆርጣል። ሐሳቡ ግን ያው ነው። እውነተኛ ልዩነት የሚመጣው እንደ ቤት ሆነው በተሠሩት በናፍጣ በሚሄዱ የመዝናኛ መኪኖች ላይ ነው። ከኋላቸው ጀልባ ወይም ትንሽ መኪና የጫነ ቀላል ተሳቢ ይጎትታሉ፤ ተሳቢው የአየር ፍሬን የለውም፣ ብዙውን ጊዜ በ12 ቮልት የሚሠራ ኤሌክትሮማግኔት ነው ያለው። ዳሽቦርዱ ሥር የሚገጠመው ትንሽ መቆጣጠሪያ ከውስጡ ባለው ዳሳሽ መኪናው ምን ያህል እየቀነሰ እንደሆነ ይለካና በዚያው ልክ ወደ ማግኔቶቹ ኤሌክትሪክ ይልካል። ኃይሉን ሹፌሩ በቁልፍ ያስተካክላል፣ ተሳቢው ብቻ እንዲይዝ የሚገፋ የጣት መጫኛም አለው። ተሳቢው ከተፈታ ገመድ ይነቀልና በራሱ ባትሪ ይቆማል። ቀዩ ቱቦ ለእኛ የሚሠራውን ለእነሱ ያ ገመድና ባትሪ ይሠራል። ለ200 ኩንታል ግን ይህ አይሆንም፤ የማግኔት ጉልበት ለዚያ ክብደት አይበቃም።

እስካሁን ስለ ትእዛዝና ስለ አየር ብቻ ተናገርኩ። ጎማውን በመጨረሻ የሚያቆመው ግን ሸራና ታምቡር ሲፋተጉ ነው፤ ፍትጊያ ደግሞ ሙቀት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ አስቡ፤ ከአፋፉ እስከ ድልድዩ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው። 400 ኩንታል ያንን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 550 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን ያንኑ መኪና ሜዳ ላይ መቶ ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ማቆም ማለት ነው። ወጥ ቤት ለለመደ ሰው፣ ያ ሙቀት 1,800 ሊትር የሚሆን የቧንቧ ውሃ ያፈላል። ከዚህ ውስጥ ሞተሩ ያልወሰደው፣ ነፋስና የጎማ ፍትጊያ ያልበሉት ሁሉ የሚገባው ታምቡሮቹ ውስጥ ነው።

ታምቡር ሲግል ይሰፋል። 410 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የብረት ታምቡር ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሲጨምር ስፋቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ያድጋል። ትንሽ ትመስላለች። ሸራው ግን ታምቡሩን ለመድረስ ያን ያህል ተጨማሪ መሄድ አለበት፣ ይህ በክንዱ በኩል ወደ ቻምበሩ ሲደርስ ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ የቻምበሩ ዘንግ የሚሄድበት ርቀት ደግሞ ጠቅላላው 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ፍሬኑ ሳይጠብቅ የቆየ ተሳቢ ላይ ዘንጉ ገና ከመነሻው አብዛኛውን መንገድ ይጨርሳል፤ ታምቡሩ ሲሰፋ መሄጃ ያጣል። ሸራውም ሲግል የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ሹፌሩ የአየር ጌጁን ቢያይ ሙሉ ነው፤ እግሩ ሥር ያለው ፔዳልም እንደ ወትሮው ነው። መኪናው ግን አይቆምም። አደጋ ደርሶ «ፍሬን በጠሰ» ሲባል፣ ምንም የተበጠሰ ነገር ሳይኖር ይህ ብቻ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነው ዓባይም ሆነ ጣርማ በር ላይ ያደጉ ሹፌሮች ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሰው፣ ሞተር ፍሬን ከፍተው፣ ፍሬኑን ለአጭር ጊዜ ጠንከር አድርገው እየያዙና እየለቀቁ የሚወርዱት። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ የሚወርድ ሰው ያንን ሁሉ ሙቀት በፈቃዱ ታምቡሩ ላይ ይጭነዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። የተሳቢው ፍሬን ሲያስቸግር፣ አንዱ ጎማ አልለቅ ብሎ ሲያጨስ ወይም ቱቦ ሲያፈስስ፣ መስመሩን በቡሽ ደፍኖ መንገድ መቀጠል አለ። መኪናው ይሄዳል፣ ሜዳ ላይም የሚቆም ይመስላል። ሹፌሩ ጭነቱን በቀኑ ማድረስ እንዳለበት፣ ባለንብረቱ እንደሚደውልበት፣ ጥገናው ገንዘብ እንደሚጠይቅ ይገባኛል። ቢሆንም ያ ቡሽ የደፈነው ቱቦውን ብቻ አይደለም፤ ተሳቢው ቢፈታ ራሱን እንዲያቆም የተሠራውን ብልሃትም አብሮ ይደፍናል። 200 ኩንታል ፍሬን ሳይኖረው ከተማ ውስጥ ይገባል። ለዓመታዊው ቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ተጠግኖ ያልፍ ይሆናል፤ የቀሩትን ወራት ግን ያ መኪና የሚያልፈው በእኛ ሰፈር ነው። ባለንብረት ለሹፌሩ «ያመመውን ጠግነህ ተነሳ፣ መዘግየቱን እኔ እችለዋለሁ» የሚል ቃል አስቀድሞ ቢሰጥ ብዙ ነገር ይስተካከል ነበር።

ስለ ታኮም ልናገር። በስፕሪንግ የሚይዝ የእጅ ፍሬን የሌላቸው ተሳቢዎች አሉ። ተፈትተው ሲቆሙ የያዛቸው ታንካቸው ውስጥ የቀረው አየር ነው። አየሩ ደግሞ በአንዲት ያረጀች የቫልቭ ጎማ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል፤ ማታ በደንብ የተያዘ ተሳቢ ጠዋት ነፃ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማ ሥር የሚያስገባት ታኮ ግን አየር አትፈልግም።

ሥራው ተጠናቀቀ ተብሎ ተሳቢው ሲረከብ የሚደረጉት ፈተናዎች ቀላል ናቸው። ሞተሩ ጠፍቶ አየሩ ሙሉ እያለ ፍሬን ተረግጦ ይቆያል፤ ጌጁ እየወረደ ከሄደ የሚያፈስስ ቦታ አለ። ቀዩ ቱቦ ይነቀላል፤ «ጋሼ፣ ያዘ!» የሚለው የረዳቱ ድምፅ ወዲያው መሰማት አለበት። ቢጫው ተነቅሎ ፍሬን ሲረገጥም ተሳቢው ሊያዝ ይገባል፤ ደህና የመቆጣጠሪያ ቫልቭ ትእዛዙ ሜዳ ላይ መፍሰሱን ሲያይ ቀዩን አየር ያስወጣዋልና። ከዚያ ተጭኖ፣ ጥቂት ጊዜ ፍሬን እየተያዘ እስከ ቱሉ ዲምቱ ይነዳና ደህና ቦታ ይቆማል። እጅን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ታምቡር አስጠግቶ ሙቀቱን ማወዳደር ነው። ከሌሎቹ በጣም የጋለው አልለቅ ያለ ነው፣ ክንዱና መመለሻው ይታይ። ቀዝቃዛ ሆኖ የተገኘው ደግሞ ምንም አልያዘም፤ ወደ ጋራዡ መመለስና መጀመሪያ መጥበቅ ያለበት እሱ ነው።